ሁለት ጭልፋ፣ አንድ ድስት

ኦዜላዬ፣ እስቲ ያንን ማራገቢያ ወዲህ በዪው። ኧረ የጌታ ያለህ፣ ይሄ ምን የሚሉት ሙቀት ነው! ነሐሴ ድሮም እንዲህ ነበር ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት? ደግሞ እያት፣ ማራገቢያዋ ላይ የቀብር አስፈጻሚውን ቤት ስልክ ቁጥር በትልቁ አትመውባታል። ምን አስቸኮላቸው? እኛ እንደሆንን የትም አንሄድባቸውም።

ባርኔጣሽ አምሮብሻል። አይ፣ ከልቤ ነው። ከኋላሽ የተቀመጡት ፓስተሩን ባያዩትም ድምፁን ሰምተዋል፤ ምን ጎደለባቸው?

በይ ጎመኑን አንቺ ያዢ፣ እኔ ማካሮኒውን እይዛለሁ። ዶሮውን ራሳቸው ያንሱ፤ ጭን ፍለጋ ትሪውን ሲያገላብጡ አይተን እንዳላየን እንሆናለን። ዛሬ መቼም ሰው በዝቷል። የመመለሻ እሁድ አይደል? ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የተበተነው ሁሉ በዓመት አንዴ ይመለሳል፣ እኛም ሣሩ ላይ ጠረጴዛ እንዘረጋለታለን፣ ይበላል፣ «ምንም አልተለወጣችሁም» ይለናል፣ ይሄዳል። ሰልፉ እኮ ከዛፉ ሥር ደርሷል።

እኔ የምልሽ... ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ምን አለሽ? መኪናሽ ደህና ናት ማለቴ ነው... ምንም፣ እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።

የክብር እንግዳውን ንግግር ወደድሽው? እኔ እንዴት እንደወደድኩት! ስለ ትሕትና አርባ ደቂቃ ሙሉ፣ ውሃ እንኳ ሳይጎነጩ መናገር... ይሄ የማንም ሥራ አይደለም። ያውም ከዚህችው ሰፈር ተነስተው፣ ኮረብታው ላይ ባለው ዩኒቨርሲቲ ዲን እስከ መሆን የደረሱ ሰው። አየሽ አይደል፣ አንቱ ነው የምላቸው። እዚሁ ምድር ቤት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ንፍጡን የጠረግሁለትን ልጅ አንቱ ማለት መጀመሪያ ላይ ምላሴን ያዝ አድርጎት ነበር። አሁን ለመድኩት። ሰው ከፍ ሲል ቀና ማለት ያለብን ከታች ያለነው ነን፤ እሱማ ምን ብሎ ያጎነብሳል?

ያውልሽ፣ ግራጫ ሱፍ ለብሰው ሰልፉ ላይ ቆመዋል። ስምንተኛ ናቸው። እንደ ማንም ሰው! «ጥላው ሥር ይቀመጡ፣ እናመጣልዎታለን» ቢሏቸው እምቢ አሉ። አርባ ደቂቃ የተናገሩትን በሥራ እያሳዩን ነው... ግን ስለ እሳቸው አይደለም የማወራው። ኧረ በፍጹም!

ዴልፊን ታያለቻ። ያቻትልሽ፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ የስኳር ድንች ኬክ እየቆረጠች በዓይኗ ትጠብቀኛለች። ጠዋት መኪና ውስጥ አስምላኛለች። «አያቴ፣ ዛሬ ለእሳቸው አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ፤ በሞቴ!» አለችኝ። የልጅ ልጄ ናት፣ እኔው ነኝ ያሳደግኳት፣ በሞቴ ስትለኝ እምቢ እላለሁ? ማልኩላት። ለእሳቸው አንዲት ቃል አልናገርም። ላንቺ እንዳልናገር ግን... ማልኩ እንዴ? አልማልኩም።

ስለዚህ ስለ አንድ ሌላ ሰው ላውራሽ። አታውቂያቸውም። እሳቸውም ዲን ናቸው፤ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘንድሮ ዲን በዝቷል።

ኧረ ሆሬስ፣ ሳህንህን አቅርብ እንጂ! ይጨመርልህ? ምን ያሽኮረምምሃል፣ ሆድህን እንደሆነ ከሩቅ አይተነዋል። ሂድ ብላ፣ ሂድ።

እና እኚህ የማታውቂያቸው ሰው... እንዴት ያሉ ቸር መሰሉሽ! አንዲት መምህርት አለቻቸው፤ ስሟን ተዪው። የጀማሪ ተማሪዎችን ጽሑፍ ነው የምታስተምረው። ያን ሁሉ ከየገጠሩ የሚመጣ ልጅ፣ አንድ ገጽ መጻፍ የሚያስለቅሰውን፣ ቁጭ አድርጋ አጻጻፍ ታስይዘዋለች። የሥራ ስሟን ታውቂያለሽ? «እንግዳ መምህር»። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እስቲ አንቺ ንገሪኝ፣ ቤትሽ እንግዳ መጥቶ ዘጠኝ ዓመት ሳህን ቢያጥብልሽ፣ ልጆችሽን ቢያሳድግልሽ፣ ከዚያ በየነሐሴው በር ላይ ቆሞ «ዘንድሮስ ልግባ?» እያለ ቢጠይቅሽ... እንግዳ ነው የምትዪው? እኔ አልተማርኩም፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ለእንግዳ ደግሞ ወንበር ማስለመድ ደግ አይደለም። ይህንንም አስበውበታል። ለስድስት መምህር አንድ ክፍል ሰጥተዋቸዋል፤ ምድር ቤት፣ የውሃ ቧንቧው በጣሪያው በኩል የሚያልፍበት። ሦስት ወንበር አለው። ተማሪ ሊያነጋግራት የመጣ እንደሆነ መኪናዋ ውስጥ ነው የምታስገባው። የፊት ወንበር ለሚያለቅስ፣ የኋላው ለሚጠብቅ። እንዴት ያለ መላ ነው! እኚህ ሰው ባያስቸግሯት ኖሮ ይሄ ከየት ይመጣላት ነበር?

ቆይ፣ ጎመኑ ላይ ዝንብ... እሽ በያት። እንደዚያ።

ከአደባባዩ ማዶ ደግሞ ያ የመስታወት ሕንፃ አለ አይደል? የንግድ ትምህርት ክፍል። እዚያም ቋሚ ያልሆኑ መምህራን አሉ። እነሱም ጊዜያዊ ናቸው፣ እሷም ጊዜያዊ ናት፤ ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው። ጊዜው ብቻ ነው የሚለያየው። የእነሱ ጊዜያዊ ሦስት ዓመት ነው፣ የእሷ ጊዜያዊ አራት ወር። እነሱ በር አላቸው፣ በሩ ላይ ስማቸው አለ፣ መስኮታቸው የአደባባዩን ፏፏቴ ያያል። ሁለት ሁለት ክፍል ያስተምራሉ፤ እሷ አራት። ቢታመሙ ሐኪም አላቸው፤ እሷ... እሷ አትታመምም። ጠንካራ ልጅ ናት። ይህንንም አይተውባት መሆን አለበት።

«ለምን ይሆን?» ብላ ጠየቀቻቸው፤ በአክብሮት። «ገበያ ነው» አሏት። የንግድ መምህር ገበያ ላይ ይፈለጋል፣ የጽሑፍ መምህር ግን እንደ ልብ ነው። እኔም ስሰማ ትክክል ነው አልኩ። ኋላ ነው ያሰብኩት... አንድ ተማሪ መጀመሪያ በእሷ ክፍል ካላለፈ ወደዚያ መስታወት ሕንፃ መግባት አይችልም። አንዱም! እንግዲህ ሁሉም ሰው የግድ የሚገዛውን ዕቃ እንደ ልብ ነው ብሎ መሬት ላይ የሚዘረጋው የት ገበያ ነው? እኔ አልተማርኩም።

አምስተኛ ደርሰዋል... የክብር እንግዳውን ነው የምልሽ። ከሰው ጋር እየተጨባበጡ ነው። እጃቸው እንዴት ያምራል፤ አንድ ቀን ድስት ያጠበ እጅ አይመስልም።

ስለ ስም ካነሳን... በየመንፈቁ የትምህርት ዝርዝር ያወጣሉ፤ የትኛውን ትምህርት ማን እንደሚሰጥ የሚጻፍበት። የመስታወቱ ሕንፃ ሰዎች ስማቸው ከነማዕረጋቸው ተጽፎ ታያለሽ። ከእሷ አራት ክፍሎች ጎን ግን «መምህር፦ ወደፊት ይገለጻል» ነው የሚለው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወደፊት ይገለጻል! አንዴ አንዱ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጣና ምን አላት መሰለሽ? «ወደፊት ይገለጻል ማለት እርስዎ ነዎት? ወንድሜ ከሁሉም እሳቸውን ምረጥ ብሎኝ ነው!» አትሳቂ፤ ክብር እኮ ነው። ስም የሌለው ሰው በስሙ ሲፈለግ አይተሽ ታውቂያለሽ?

ዘንድሮ ደግሞ ለእኚህ ሰው ከላይ አምስት ደብዳቤ ተሰጣቸው። የሦስት ዓመት ቅጥር። «ለሰባቱ ትምህርት ክፍሎች እንደየችግራቸው አካፍል» ተባሉ። አካፈሉ። አምስቱንም ለአንዱ። ለመስታወቱ። ኦዜላ፣ እንዲህ ማካፈል የሚችል ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቢኖረን ኖሮ ይሄ ሰልፍ ገና ድሮ አልቆ ነበር።

ከአምስቱ አንዱ ትሬቨን ነው። ታውቂዋለሽ፣ የፖስተኛው ልጅ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እሱን አልነካም። ጀማሪ ሳለ ጽሑፍ ያስተማረችው እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ሲያመለክት ደብዳቤውን ያረመችለትም እሷው ናት፤ መኪናዋ ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ። ደብዳቤው ሲደርሰው ኬክ ይዞ ቤታችን መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አለቀሰ። «እማማ ፐርሊን፣ እሷ እያለች ለእኔ...» ብሎ መጨረስ አቃተው። የመስታወቱን ሕንፃ ገና አለመደውም፤ ሲለምደው ይጨርሰዋል።

እሷ ግን አላለቀሰችም። ሐምሌ ላይ ቢሯቸው ድረስ ሄዳ «የእኔስ ደብዳቤ?» አለቻቸው። «የሚቀጥለውን መንፈቅ አስተምራለሁ ወይስ አላስተምርም? ሰው እንደመሆኔ ማወቅ አለብኝ።» ምን አሏት መሰለሽ? ትከሻዋን ቸብ ቸብ አድርገው «ሐሳብ አይግባሽ፣ እኛ ቤተሰብ ነን» አሏት። ልክ ናቸዋ! ለቤተሰብ ማን ደብዳቤ ይጽፋል? ደብዳቤ ለባዳ ነው።

ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። እሷ በየጠዋቱ የፖስታ ሣጥኑን ከፍታ ትዘጋለች፤ እኔ ደግሞ በመጋረጃው በኩል አያታለሁ። እንዳላየሁም እሆናለሁ። ሣጥኑን የምትዘጋው ቀስ ብላ ነው፤ ድምፁን እንዳልሰማ። ትምህርት የሚጀመረው ሐሙስ ነው። የፊታችን ሐሙስ።

ሦስተኛ ናቸው... አንቺ፣ አትዙሪ! ጎመንሽን እዪ።

የድሮውን ላንሳልሽ። ኮረብታው ላይ በተማሪዎች መመገቢያ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜአለሁ፤ ታውቂያለሽ። ድስቱ አንድ ነበር፣ ጭልፋው ሁለት። ቀይ እጀታ ያለው ትልቁ ለኳስ ተጫዋቾቹ፣ ነጭ እጀታ ያለው ትንሹ ለሌላው ሁሉ። ሁለቱም ተርበው ነው የሚመጡት፤ ግን ተጫዋቾቹ ለዩኒቨርሲቲው ስም ያመጣሉ ተባለ። ደንብ ነው። አለቃችን ከጀርባችን ቆሞ ያያል፤ ዓይኑ ከሳህኑ ላይ አይነቀልም።

እኚህ የማታውቂያቸው ሰው ያኔ ተማሪ ነበሩ። ቀጭን... ኧረ ቀጭን! ሸሚዛቸውን ንፋስ ቢነፋው አብረው የሚሄዱ። የምግብ ወረቀታቸው በቀን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ኳስ በእጃቸው ነክተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ያኔም እንዲሁ ያልተማርኩ ነኝ፣ ደንቡን በደንብ አላነብም... እጄ ሳይታወቀው ቀዩን ጭልፋ ያነሳል። አራት ዓመት። አንድ ቀን አለቃዬ አየኝ። ምግብ ከማደሉ አንስቶ አንድ መንፈቅ ሙሉ ድስት እንዳጥብ ላከኝ፤ እጄ እስኪላጥ። ምንም አይደለም፤ እጅ ይድናል፤ የተራበ ልጅ ፈተና ከወደቀ ግን ወደቀ።

ረስተውታል እንዳትዪ! አይረሱም። አምና አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲያደርጉ አንስተውታል። «አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ ነበረች» አሉ። ሰው አለቀሰ አሉ። አንዲት የወጥ ቤት ሠራተኛ... ስሜን ረስተውት አይደለም፤ ስም መጥራት ጊዜ ይፈጃል። ለዚህ ነው ዛሬ እኔም የሰው ስም የማልጠራው። ከትልቅ ሰው የተማርኩት ነው።

እና ይሄ ሁሉ ሲሆን «ምናለ ከአምስቱ አንዷን ለጽሑፍ ክፍል ቢሰጡ?» ያላቸው ሰው ነበር። ማን እንደሆነ ተዪው፣ በፋሲካ እዚሁ ደረጃው ላይ ያገኛቸው አንድ ሰው ነው፤ እድሜው የገፋ፣ ማካሮኒ የሚሠራ። «እማማ፣ ልቤ ይፈልጋል፤ ደንቡ ነው የማይፈቅድልኝ» አሉት። እውነታቸውን ነው! ደንብ ይከበራል። ይሄንን ያልተማረ ሰው ነው የማያውቀው። ያልተማረ ሰው ነው ቀዩን ጭልፋ የሚያነሳ።

እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ቆንጆ፣ ልጆችሽስ? ትንሿም አደገች? በይ ይሄን ያዢ፣ ለእሷም ጨምሬበታለሁ። ሂጂ ብሉ።

ኦዜላ፣ ስለ ማክሰኞ የጠየቅኩሽ... ዓይን ሐኪሜ ጋ የምትወስደኝ ዴልፊን ነበረች። ነበረች ስልሽ ልብ በዪ። ከዚህ ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ ትንሽ ኮሌጅ አለ፤ ስሙ ያልተሰማ፣ ፏፏቴ የሌለው። ያለፈው ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ ላኩላት። አምስት ዓመት ብለው ጽፈውላታል! ከደብዳቤው ጋር ምን ላኩ መሰለሽ? የበር ፎቶ። በሩ ላይ ስሟን ለጥፈው ፎቶ አንስተው... ማንበብ ይከብደኛል፣ ታውቂያለሽ፤ የእሷን ስም ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ። ፎቶውን መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። ከዚያ መነጽሬን አወለቅሁት፤ ጭጋግ ያዘው መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት «እሺ» ብላ ፈረመች። ኮረብታውም ላይ «አልመለስም፣ አመሰግናለሁ» ብላ ጽፋ ቢሮ ድረስ ወስዳ አስገባች። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለችሽ፣ የምትወጣበትን በር እንኳ ቀስ ብላ ነው የምትዘጋው። የዲኑ ቢሮ ግን ዓርብ ደብዳቤ አይከፍትም አሉ። ደንብ ነው። እንግዲህ ሰኞ ይከፍቱት ይሆናል፤ ወይ ማክሰኞ፣ እሷ ዕቃዋን ጭና ስትወጣ። ሐሙስ ጠዋት አራት ክፍል ሙሉ ልጅ ደብተሩን ዘርግቶ በሩን ያያል። «መምህር፦ ወደፊት ይገለጻል» ይላል ወረቀቱ። ዘጠኝ ዓመት ሲዋሽ የኖረ ወረቀት አንድ ቀን እውነት ተናገረ።

ለመሆኑ... ምነው ፊታቸው እንዲህ ገረጣ? ሙቀቱ ነው። ኦዜላ፣ ማራገቢያውን ስጫቸው። ያንን የቀብር ቤቱን።

ደረሱ እንግዲህ። አንቺ ንገሪልኝ፤ እኔ ለእሳቸው እንዳልናገር ማልያለሁ። ሳህናቸውን ያቅርቡ በያቸው። አይ፣ ይሄን ቀዩን ጭልፋ አይደለም፤ ያንን ነጩን አቀብዪኝ። አዎ፣ ትንሹን። ጡረታ ስወጣ ሁለቱንም ነው ይዣቸው የመጣሁት፤ አንዱን ያለ አንዱ ማን ያውቀዋል? ይኸው... ለጊዜው ይቺን ያህል ነች በያቸው። አይከፉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው ይሰለፉ፤ የሰው ብዛት ከፈቀደ፣ ምግብም ከተረፈ፣ ያኔ ይታይላቸዋል። ልቤማ ይፈልጋል በያቸው። ደንቡ ነው።

ምን ታፈጪብኛለሽ ዴልፊን? ቃሌን ጠብቄአለሁ። አንዲት ቃል ተነፈስኩ? ምርቃት ግን ቃል አይደለም። ልጅ ሆኖ ንፍጡን የጠረግሁለትን ሰው ሳልመርቅ ብልከው እግዚአብሔርም ይቆጣኛል። ጎንበስ በል ልጄ፣ እጄን ራስህ ላይ ላድርግ... እንደዚያ። ዛሬማ ጎነበስክ።

ከኮረብታው አያውርድህ። ወንበርህን ያጽናልህ። እኛን ቤተሰብ እንዳደረግኸን እግዚአብሔርም አንተን ቤተሰቡ ያድርግህ፤ ደብዳቤ አያስፈልግህም። ዕድሜህን በየአራት ወሩ እያደሰ ያቆይልህ። የዚያን ቀን ደግሞ፣ የሕይወት መዝገብ ሲከፈት፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በስም በስሙ ሲጠሩት... ያንተን ስም፣ ልክ አንተ የዴልፊንን ስም እንዳስጻፍከው አድርገው ይጻፉልህ። አሜን።